ሰው በምኑ ይታወቃል?

«ማነህ?» የሚለው ጥያቄ በአፍ ሲነገር አጭር፣ በኅሊና ሲመረመር ግን እጅግ ረዥም ጥያቄ ነው። በአገራችን ልማድ አንድ እንግዳ ወደ ቤት ሲገባ ሽማግሌው ቀና ብሎ በመጀመሪያ ስሙን ይጠይቀዋል፤ ስሙን ከሰማ በኋላም አያበቃም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ሲል ይደግማል። አገሩንና ወገኑን፣ አጥቢያውንና ጎረቤቱን ከተረዳ በኋላ ነው እንግዳውን ዐወቅሁት የሚለው። በዚህ ልማድ ውስጥ በብራና ሳይጻፍ የኖረ አንድ ፍልስፍና አለ። ይኸውም ሰው ለብቻው የቆመ ምሰሶ ሳይሆን ከሌሎች ሰዎች ጋራ ባለው ዝምድና የሚታወቅ ፍጥረት ነው የሚል ነው።

በዘመናችን ግን ለዚሁ ጥያቄ ሌላ ዐይነት መልስ እየተለመደ ሄዷል። ሰው በተጫማው ጫማ፣ በያዘው የእጅ ስልክ፣ በሚነዳው መኪና፣ ቡና በሚጠጣበት ቤት ማንነቱ ይገመታል። ገማቹም ተገማቹም በዚህ ሚዛን የተስማሙ ስለሚመስሉ፣ ብዙ ሰው ራሱን ለማወቅ ሲፈልግ ወደ ኅሊናው ወይም ወደ ባልንጀራው በመመልከት ፈንታ ወደ ሱቅ መስተዋት ይመለከታል። እኛም በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ነገር ይህ ነው፤ ሰው ማንነቱን የሚያገኘው በሚገዛው ዕቃ ነውን? ወይስ ለብቻው በሚያስበው ሐሳብ ነውን? ወይስ ከሌሎች ጋራ በሚኖረው ኑሮ? ክርስቲያንስ የሆነ ሰው ለዚህ ጥያቄ ምን መልስ ይሰጣል?

ነገሩ በሐሳብ ብቻ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር አንድ ሥፍራ ይዘን ብንመለከተው ይሻላል። ከአዲስ አበባ ሰፈሮች ሁሉ ለዚህ ምርመራ የቦሌ ሚካኤልን ያህል የሚመች ያለ አይመስለንም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ተነሥቶ ወደ ቦሌ ሲዛወር አካባቢው ገና የእርሻና የግጦሽ ምድር ነበር። ከዚያ ወዲህ ማረፊያው በ1995 ዓ.ም. በአዲስ ሕንፃ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በታላቅ ማስፋፊያ እየገዘፈ ሲሄድ ሰፈሩም አብሮ ገዘፈ። ዛሬ አውሮፕላኑ ከጣራ በላይ እያጓራ ሲያልፍ ከሥሩ የቀለበቱ መንገድ ይተራመሳል። በመንገዱም ግራና ቀኝ ልብስና ሽቶ፣ ምንጣፍና የቤት ዕቃ፣ ስልክና መብራት የሚሸጥባቸው ፎቆች ተደርድረዋል። ከጦርነት ሸሽተው የመጡ ሶማሌዎችና ከምሥራቁ የአገራችን ክፍል የመጡ ሶማሌ ወገኖቻችን በብዛት ስለ ተቀመጡበት፣ በአንዳንዱ መንገድ ከአማርኛ ይልቅ ሶማሊኛ ይሰማል፤ የግመል ወተትም እንደ ላም ወተት ይሸጣል። በዚህ ሁሉ መካከል ሰፈሩ ስሙን ያገኘበት የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን አለ። ወር በገባ በ12ኛው ቀን፣ ይልቁንም በኅዳር 12 እና በሰኔ 12፣ ነጠላ የለበሰው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶ ወደ ደጁ ይጎርፋል።

እንግዲህ በአንድ ሰፈር ሁለት ዐይነት ሰልፍ ይታያል ማለት ነው። አንደኛው ወደ ሱቁ፣ ሁለተኛው ወደ ደጀ ሰላሙ የሚሄድ ሰልፍ ነው። ሰዎቹ ግን ሁለት ዐይነት ሰዎች አይደሉም፤ ጧት ቅዳሴ ያስቀደሰው ሰው ከሰዓት በኋላ በሱቁ ደረጃ ሲወጣ ይታያል። ስለዚህ ክርክሩ በሰፈርና በሰፈር፣ በሰውና በሰው መካከል ሳይሆን በእያንዳንዱ ሰው ልብ ውስጥ የሚካሄድ ክርክር ነው።

በመጀመሪያ ዕቃን ያለ አግባብ እንዳንወቅስ መጠንቀቅ ይገባናል። ዕቃ በራሱ ክፉ አይደለም። ጫማ እግርን ከእሾህ ይጠብቃል፤ ስልክ ከሩቅ ያለ ዘመድን ድምፅ ያሰማል፤ የውሃ ማጣሪያ ሕፃናትን ከበሽታ ያድናል። ድህነትን እንደ ጽድቅ ቆጥሮ ሌላው ሰው በድህነቱ እንዲኖር መምከር፣ ጠግቦ ለተራበ ስለ ጾም እንደ መስበክ ያለ ነገር ነው። የነጋዴውም ሥራ የተከበረ ሥራ ነው። የምንጠይቀው ጥያቄ ዕቃ ይኑር ወይስ አይኑር የሚል ሳይሆን፣ ዕቃ ምን ሥራ ተሰጥቶታል የሚል ነው።

ዕቃ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ማገልገል ነው፤ ሁለተኛው መናገር ነው። ኩታ ሲለበስ ያሞቃል፤ ይህ አገልግሎቱ ነው። የኩታው ጥለት ደግሞ ስለ ለባሹ ይናገራል፤ ይህ ንግግሩ ነው። ዕቃ መናገሩ አዲስ ነገር አይደለም። በቀድሞው ዘመን ካባና ለምድ የለባሹን ማዕርግ ይናገሩ ነበር። ነገር ግን ሰውዬው ካባ የሚለብሰው አስቀድሞ በሠራው ሥራ ወይም በተሰጠው ሹመት ምክንያት ስለ ነበረ፣ ክብሩ ይቀድማል፤ ካባውም ክብሩን ተከትሎ ይመጣል። በአሁኑ ዘመን ግን ሥርዓቱ ተገለበጠ፤ ካባው ይቀድምና ክብሩ እንዲከተለው ይጠበቃል። ሰው ያልሆነውን ነገር ዕቃው እንዲናገርለት ይገዛዋል።

ይህን ነገር አስቀድመው ካስተዋሉት አንዱ ቶርስታይን ቬብለን የሚባል የአሜሪካ ሊቅ ነበር። እሱም በ1899 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ ሀብታሞች ብዙውን ገንዘባቸውን የሚያወጡት ለሚጠቅማቸው ነገር ሳይሆን ሀብታቸውን ለሌላው ለማሳየት እንደ ሆነ፣ ከእነርሱ በታች ያለውም ሰው በአቅሙ እነርሱን ለመምሰል እንደሚደክም አስረዳ። ከመቶ ዓመት በላይ ያለፈው ይህ አስተያየት ዛሬ ለእኛ ከተማ የተጻፈ ይመስላል። እንዲያውም በቬብለን ዘመን ሀብታሙን ለማየት ወደ መንገድ መውጣት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን ግን የእጅ ስልክ የዓለምን ሁሉ ሀብታም መኝታ ቤት ድረስ ያመጣዋል። ገንዘቡንም የሚያወጣው ያው ስልክ ነው፤ ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ብርን በእጅ ቆጥሮ መክፈል ቀርቶ በጣት መንካት በቂ ሆኗል። ብርን በእጅ ቆጥሮ የሚሰጥ ሰው ቢያንስ የሚለየውን ነገር ያየዋል፤ በጣት የሚነካ ሰው ግን ገንዘቡ ሲሄድ አያየውም።

የሚናገር ዕቃ ክፉ ጠባይ አለው፤ ቶሎ ድዳ ይሆናል። ጎረቤት ተመሳሳዩን በገዛ ዕለት የመጀመሪያው ዕቃ የሚናገረውን ያጣልና ሌላ መግዛት ግድ ይሆናል። ስለዚህ አገልግሎት የሚፈልግ ሰው «ይበቃኛል» የሚልበት ቀን ይመጣለታል፤ ንግግር የሚፈልግ ሰው ግን ያ ቀን አይመጣለትም። የተቀደደ አቁማዳ እህል ቢጨምሩበት አይሞላም። በደመወዝ የምንተዳደር የመንግሥት ሠራተኞች ይህን ሒሳብ ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። በተለይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ዋጋው በእጅጉ ስለ ጨመረ፣ የትናንቱን ምኞት በዛሬው ደመወዝ ማሟላት የሚቻል አልሆነም። አንድ ወጣት ሠራተኛ ዕቁብ ሲደርሰው አዲስ ስልክ ገዛ እንበል። የስልኩ ዋጋ የእናቱን የብዙ ዓመት የዕድር መዋጮ ያህላል፤ የእናቱ መዋጮ ግን ሦስት ወር ሳይከፈል ውሏል። ይህ ወጣት ክፉ ልጅ አይደለም። እናቱን አይወድም ልንልም አንችልም። ነገር ግን ከሁለቱ ክፍያዎች አንዱ «እኔ አለሁ» ሲል በመንገድ ላይ ይጮኽለታል፤ ሁለተኛው ደግሞ በዝምታ ይቀመጣል። እሱም የሚጮኸውን መረጠ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «መፍትሔውማ ቀላል ነው፤ ሰው የሌላውን ዐይን ትቶ በገዛ ራሱ ይቁም፤ ማንነቱንም ከውስጡ ያውጣ» ሊለን ይችላል። ይህ መልስ በምዕራቡ ዓለም ትልቅ ታሪክ አለው። የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዴካርት በ17ኛው መቶ ዓመት የማይናወጥ እውነት ለማግኘት ሲነሣ፣ ሁሉን ከተጠራጠረ በኋላ በመጨረሻ የረገጠው ጽኑ ድንጋይ የገዛ ራሱ ማሰብ ነበር። ከእሱ በኋላ ብዙዎች ሰውን አስቀድሞ ለብቻው የተፈጠረ፣ ከሌሎች ጋራም በኋላ የተዋዋለ አድርገው አሰቡት። ኬንያዊው ቄስና ሊቅ ጆን ምቢቲ ግን በ1969 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ስለ አፍሪካ ሃይማኖትና ፍልስፍና ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ገልብጦ፣ በአፍሪካውያን አስተሳሰብ ግለሰቡ መኖሩን የሚያውቀው ወገኖቹ በመኖራቸው እንደ ሆነ አስረድቷል። ለብቻው የቆመው ሰው በእርግጥ ነፃ ነውን ብለን ብንጠይቅ፣ ነጋዴው ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ደምበኛ እርሱ ሆኖ እናገኘዋለን። አባቱን፣ አጥቢያውንና ጎረቤቱን የረሳ ሰው ባዶውን በአንድ ነገር መሙላት አለበትና፣ ገበያው ይህን ባዶ ቦታ ያውቀዋል። «ራስህን ሁን» ብሎ የሚሰብከው ማስታወቂያ ለሺህ ሰው ያንኑ አንድ ዐይነት ሸሚዝ ይሸጣል።

የአገራችን ክርስትና ስለ ማንነት የሚያስተምረውን ትምህርት በመጀመሪያ የምናገኘው በስም ውስጥ ነው። ሕፃን ወንድ ከሆነ በተወለደ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ሲጠመቅ የክርስትና ስም ይወጣለታል፤ ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወለተ ማርያም ይባላል። እነዚህ ስሞች ሁሉ ተዛማጅ ስሞች ናቸው፤ «የእገሌ ልጅ»፣ «የእገሌ አገልጋይ» ማለት ናቸው እንጂ ለብቻቸው የሚቆሙ አይደሉም። ሰውየው ሲታመም በጸሎት የሚጠራው፣ ሲሞትም ፍትሐት የሚደርስለት በዚህ ስም ነው። በዓለም ስሙ ሚኒስትር ይሁን ዘበኛ፣ ባለ ፎቅ ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ በዚያች ሰዓት ማዕርጉ አይነሣም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን «ማነህ?» ስትለው የምትቀበለው መልስ «የእርሱ ነኝ» የሚለውን ነው። ይህን መልስ ሱቅ ሊሸጠው አይችልም፤ ዋጋው ሲጨምርም አይወደድም።

የቦሌ ሚካኤል ሶማሌ ጎረቤቶቻችንም በሃይማኖት ቢለዩንም ከዚህ የራቀ ልማድ የላቸውም። ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ስም ከአባት ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ቅድመ አያት እየቆጠሩ ወደ ላይ ይማራሉ፤ ይህንም አብቲርሲ ይሉታል። እኛ ዕቁብ የምንለውን እነርሱ አዩቶ ይሉታል፤ ሥራው አንድ ነው። በስደት አገራቸውን፣ ቤታቸውንና ንብረታቸውን ያጡ ብዙዎች እንደ ገና በእግራቸው የቆሙት በዚህ ዐይነቱ መተማመን ነው። ዕቃ ሁሉ የጠፋበት ሰው የዘመዶቹ ስም ሳይጠፋበት ቀርቶ ያተረፈውን ሀብት የቦሌ ሚካኤል ጎዳና ይመሰክራል።

ሁለተኛው ትምህርት በሐዋርያት ሥራ ይገኛል። በኢየሩሳሌም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ምእመናን ያላቸውን በአንድነት ያደርጉ እንደ ነበር፣ በርናባስም መሬቱን ሸጦ ዋጋውን በሐዋርያት እግር ሥር እንዳኖረ ተጽፏል። ወዲያው ግን የሐናንያና የሰጲራ ታሪክ ይከተላል። ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የንፉግነት ታሪክ መስሎ ይነገራል፤ ነገር ግን ቅዱስ ጴጥሮስ ሐናንያን የወቀሰው ለምን አስቀረህ ብሎ አልነበረም፤ መሬቱ የራሱ እንደ ነበረ፣ ከተሸጠም በኋላ ገንዘቡ በፈቃዱ ሥር እንደ ነበረ ነግሮታል። የተወቀሰው ሳይሰጥ የሰጠ ለመምሰል ስለ ፈለገ ነው። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ የክርስቲያን አንድነት በፈቃድ እንጂ በግዴታ እንዳልተመሠረተ ነው። ሁለተኛው፣ በዚያ አንድነት መካከል ከገቡት የመጀመሪያዎቹ ኃጢአቶች አንዱ ለመታየት መፈለግ እንደ ነበረ ነው። ሐናንያ የገዛው ልብስ ወይም ዕቃ አልነበረም፤ የገዛው የሰው አስተያየት ነበር።

ከዚያ በኋላ የተነሡት አባቶችም ይህን ትምህርት አጸኑት። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ ምድር አባ ጳኩሚስ ለብቻቸው ይኖሩ የነበሩትን መነኮሳት በአንድ ቅጥር ሰብስቦ በአንድ ማዕድና በአንድ ሥራ እንዲኖሩ ሥርዓት ሠራላቸው፤ ሥርዓቱም ወደ ግእዝ ተመልሶ ለገዳማችን ኑሮ መሠረት ከሆኑት መጻሕፍት አንዱ ሆነ። በዚያው መቶ ዓመት የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ፣ በአገሩ ረኀብ በገባ ጊዜ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጸጎች በስብከቱ ገሠጸ፤ በሣጥን ተቆልፎ ብል የሚበላው ልብስ የታረዘው ሰው ልብስ እንደ ሆነ አስተማረ፤ ከከተማውም ውጭ ለድሆችና ለሕሙማን ቤት ሠራ። ይኸው አባት ለብቻ መኖርን ለሚያወድሱ መነኮሳት፣ ብቻውን የሚኖር ሰው እግሩን የሚያጥበው ባልንጀራ እንደሚያጣ አመለከታቸው። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናኑን እግር ሲያጥቡ የምናየው ሥርዓት የዚሁ ትምህርት ሥዕል ነው። ትሕትናን ለብቻ መማር አይቻልም፤ እግር ያለው ሌላ ሰው ያስፈልጋል።

በኅዳር 12 ቀን በሚነበበው ስንክሳር ደግሞ ስለ ዶሮቴዎስና ስለ ሚስቱ ስለ ቴዎብስታ የሚነገር ታሪክ አለ። እነዚህ ሰዎች በየወሩ የቅዱስ ሚካኤልን በዓል ድሆችን በመመገብ ያከብሩ ነበር። በአገሩ ረኀብ ሆኖ ያላቸው ሁሉ ባለቀ ጊዜ፣ በዓሉ ሳይከበር፣ ድሃውም ሳይበላ እንዳይቀር ብለው የክብር ልብሳቸውን ለመሸጥ ተነሡ። ከዚያም መልአኩ በመኰንን አምሳል ተገልጦ እንደ ረዳቸው፣ በዓሣውም ሆድ ወርቅ እንደ ተገኘ ይተረካል። ለእኛ ግን ከወርቁ ይልቅ ልብሱ ይበልጥ ያስተምረናል። ያ ልብስ እነርሱን ከድሃው የሚለይ፣ ማዕርጋቸውንም የሚናገር ልብስ ነበር። እነርሱ ግን ልብሳቸው እንዲናገርላቸው ከሚፈልጉ ይልቅ ማዕዳቸው ባዶ እንዳይሆን ፈለጉ። ቤተ ክርስቲያኑን ለመሳለም ስንል አዲስ ልብስ የምንገዛ ሰዎች ይህን ታሪክ በየዓመቱ እንሰማለን፤ ሰምተንም በዚያው ልብስ ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር ደርሰናል። «ማኅበር ማኅበር ትላላችሁ፤ ነገር ግን ሰውን ከሁሉ ይበልጥ ገንዘቡን እንዲያባክን የሚያስገድደው ማኅበሩ ራሱ አይደለምን?» ቢለን አንድ አንባቢ፣ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ሠርግ የሚደግስ ሰው ዕዳ ውስጥ የሚገባው ለራሱ ሆድ አይደለም፤ ሰው ምን ይለኛል ብሎ ነው። የአባቱን ተዝካር ለማውጣት በሬውን የሸጠና መሬቱን በወለድ አገድ የያዘ ገበሬ በአገራችን ታሪክ ጥቂት አልነበረም። በከተማም በአንድ ዐይነት ቀለም የተሰፋ የሚዜዎች ልብስ፣ የመኪናው አጀብ፣ የአዳራሹ ኪራይ፣ ሁሉም ለጎረቤት ዐይን የሚከፈል ግብር ነው። ይህን ግብር የሚያስከፍለን ጌታ ይሉኝታ ይባላል።

መልሳችን በሁለት ነገሮች መካከል ልዩነት በማድረግ ይጀምራል፤ ወሬኛ ሕዝብ ሌላ፣ ማኅበር ሌላ ነው። ወሬኛው ሕዝብ ዕቃህን ያያል፤ ማኅበር ስምህን ያውቃል። ወሬኛው በሠርግህ ቀን የወጡትን ምግቦች ይቆጥራል፤ ማኅበሩ ከሠርግህ በኋላ ስትታመም ይጠይቅሃል። ወሬኛው ፊት ስትወድቅ ዕቃህ ስለ አንተ መናገሩን ያቆማል፤ ማኅበሩ ፊት ስትወድቅ የሚያነሣህ ይመጣል። ይሉኝታ እንግዲህ የፍቅር ልጅ አይደለም፤ ፍቅርን መስሎ የሚለብስ ፍርሃት ነው። ለመታየት የሚገዛውም ሰው ራስ ወዳድ ብቻ አይደለም፤ እንዲያውም ራሱ የለውም፤ ራሱን ከሕዝቡ ዐይን ተከራይቶ ነው የሚኖረው፤ ኪራዩም በየወሩ ይጨምራል።

ሁለቱን መለያው መንገድ ደግሞ ቀላል ነው፤ ማኅበሩ በዕቃ ምን እንደሚያደርግ መመልከት ነው። በዐውደ ዓመት ዋዜማ የሚደረገውን ቅርጫ እንመልከት። አንድ ሰው ለብቻው ሊገዛው የማይችለውን በሬ ጎረቤቶች አዋጥተው ይገዛሉ፤ ሲታረድም ሥጋው በመደብ ይከፈላል፤ ከጭኑም፣ ከጎድኑም፣ ከጨጓራውም፣ ከጉበቱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሳል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። የከፋፈለው ሰው የትኛው መደብ ለራሱ እንደሚደርስ ስለማያውቅ አንዱን አሳንሶ ሌላውን ሊያተልቅ አይጠቅመውም። ስለ ፍትሕ ብዙ ጥራዝ የጻፉ ፈላስፎች የደከሙበት ሐሳብ በሰፈራችን በሣር ላይ በተዘረጋ ሥጋ በየዓመቱ ይፈጸማል። ቅርጫ መብላትን አይነቅፍም፤ እንዲያውም ከሚበላው ሁሉ የሚጥመውን ያበላል። ነገር ግን መብላቱን የማሳያ ሳይሆን የመካፈያ ያደርገዋል።

ጽዋ ማኅበርም እንዲሁ ነው። በወሩ በዓል ቀን በአንዱ ቤት ተሰብስበው ጸሎት አድርሰው ይበላሉ፤ ይጠጣሉ፤ ጽዋው ወደ ተረኛው ይተላለፋል። ዛሬ የተጋበዘው ነገ ይጋብዛል፤ ስለዚህ ግብዣው የማንም መታያ ሆኖ አይቀርም። ሰንበቴም ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዳቦና ጠላ ይዞ ከነዳያን ጋራ ያገናኘናል። ዕድር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስትና ብርጭቆ አለው፤ እነዚህም ዕቃዎች ስለ ማንም አይናገሩም። በሀብታሙ ደጅ የተተከለው ድንኳን በድሃዋ ደጅ የተተከለው ያው ድንኳን ነው። በዕድር ዳኛ ፊት የመሥሪያ ቤት አለቃም ከቀብር ቢቀር መቀጫ ይከፍላል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የኤች አይ ቪ በሽታ ብዙ ቤት በዘጋ ጊዜ፣ የሙታን ማኅበር ይባሉ የነበሩት የአዲስ አበባ ዕድሮች ብዙዎቹ ወደ ሕያዋን ተመልሰው ሕሙማንን መጠየቅና የሙት ልጆችን መርዳት ጀመሩ። ማንም ዐዋጅ አውጥቶ ያዘዛቸው አልነበረም፤ በር ማንኳኳትን አስቀድሞ ስለ ለመዱ ነው።

ሌላም ክርክር ይቀራል። «ማኅበር ሰውን ይውጠዋል፤ ልዩ ችሎታ ያለውን ያደበዝዘዋል፤ የማይመስለውንም ያገልላል» ይባላል። ይህም እውነትነት አለው። በአገራችን ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን ከማዕድ የለየ ማኅበር ነበረ፤ ያንን ማኅበር በክርስትና ስም ልናመሰግነው አንችልም። ነገር ግን ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ማኅበርን በአካል መሰለው እንጂ በተራ የጡብ ክምር አልመሰለውም። ጡቦች ሁሉ አንድ ዐይነት ናቸው፤ አንዱ ቢወጣ ሌላ ይተካዋል። ዐይን ግን በእጅ አይተካም። ዐይን ዐይንነቱን የሚያገኘው በአካሉ ውስጥ ሲኖር ነው፤ ከአካሉ ተለይቶ በሣሕን ላይ ቢቀመጥ ዐይን መባሉ በስም ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ማንነትን በማኅበር ማግኘት ራስን ማጥፋት አይደለም፤ ራስን ከሚሠራበት ቦታ ማኖር ነው። ማኅበሩ አንድ ወጣት ዕውቀቱን፣ ድምፁን፣ የእጁን ሥራ የሚሰጥበትን ቦታ ካሳጣው፣ ወጣቱ ወደ ሱቁ መስተዋት ቢሄድ ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይሆንም።

ማኅበሩ እስከ የት ነው ለሚለውም ጥያቄ ጌታችን በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ መልሶታል። ሕግ ዐዋቂው ባልንጀራዬ ማነው ብሎ ወሰኑን እንዲያሳዩት ጠየቀ፤ የተሰጠው መልስ ግን ወሰኑን አፈረሰው። በመንገድ ላይ ለወደቀው ሰው የራራለት ከወገኑ ያልሆነ፣ በሃይማኖትም የተለየው ሰው ነበረ። ይህ ምሳሌ በቦሌ ሚካኤል ሲነገር የሩቅ አገር ተረት አይሆንም። በአንድ ፎቅ ደረጃ ላይ ነጠላ የለበሰችው እናትና ጥቁር ሒጃብ የለበሰችው እናት በየቀኑ ይተላለፋሉ። አንዷ የሌላዋን ልጅ ስም ታውቅ እንደ ሆነ፣ በኅዳር 12 የቀረበው ዳቦ፣ በዒድ ቀንም የተዘጋጀው ምግብ በር አንኳኩቶ ይሻገር እንደ ሆነ፣ የእምነታችን ልክ የሚታወቀው በዚህ ነው። የራሱን ብቻ የሚያውቅ ማኅበር፣ ማኅበር ሳይሆን የሰፋ ራስ ወዳድነት ነው።

ጉዳዩን አሁን እንድናነሣው የሚያስገድደን ምክንያት አለ። አዲስ አበባ በመታደስ ላይ ናት። በ1996 ዓ.ም. ገደማ በዚሁ በቦሌ ክፍል በገርጂ በሙከራ የተጀመረው የጋራ መኖሪያ ቤት ሥራ ብዙ ሺህ ቤተ ሰብ ከአሮጌ ሰፈር ወደ ፎቅ አዛውሯል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የተካሄደው የኮሪደር ልማትም መንገዱን አስፍቶ የቆዩ ሰፈሮችን አንሥቷል። መብራት፣ ውሃ፣ ሰፊ መንገድ መልካም ነገር ነው፤ ጭቃና ጭስ ይናፍቀናል የሚል ሰው ውሸታም ነው። ነገር ግን ቤት ሲፈርስ የሚቆጠረው ግድግዳውና ጣራው ነው፤ ዕድሩ፣ ሰንበቴውና የቡና ጎረቤቱ በካሣ መዝገብ የሚገቡበት ዓምድ የለም። ብዙ ሰዎች ወደ ሩቅ ሰፈር ከተዛወሩ በኋላ እንኳ ለቀብርና ለመዋጮ ወደ ድሮው ዕድራቸው በታክሲ ሲመላለሱ ይታያሉ። ይህን የሚያደርጉት ስሌት ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ በአዲሱ ፎቅ ላይ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ገና ስላላገኙ ነው። በሩ በብረት ተዘግቶ፣ ደረጃው ጸጥ ብሎ፣ ጎረቤት በመኪናው ዐይነት ብቻ በሚታወቅበት ቤት ውስጥ፣ ባዶውን ሊሞላ ፈጥኖ የሚገባው ነጋዴው ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? መልሱ ሰውን ሁሉ መነኩሴ ማድረግ አይደለም። በመጀመሪያ፣ አንድን ነገር ለመግዛት ስንነሣ ይህ ዕቃ ሊያገለግለኝ ነው ወይስ ስለ እኔ ሊናገር ብለን እንጠይቅ። ሁለተኛ፣ ጾማችንን ወደ ሙሉ ትርጓሜው እንመልሰው፤ የዐቢይ ጾም 55 ቀን ሥጋና ወተት መተው ብቻ ሆኖ፣ የተረፈው ገንዘብ ለፋሲካ ጌጥ ከተቀመጠ የራበው ሰው ከጾማችን ያገኘው ነገር የለም። ሦስተኛ፣ በአዲሱ ሰፈር አዲስ ዕድር፣ በአዲሱ ፎቅም አዲስ ቅርጫ ለማቋቋም ወረቀትና እርሳስ ይዞ በር ማንኳኳት ማንም የተማረ ሰው ሊያፍርበት የማይገባ ሥራ ነው። እንዲያውም ጽሕፈት ለተማርን ለእኛ ከዕድር መዝገብ የሚበልጥ ክቡር መዝገብ በቀላሉ አይገኝም። አራተኛ፣ ሠርግና ተዝካር በሚመከርበት ጊዜ ከመካከላችን ድፍረት ያለው አንድ ሰው «ይህ ይበቃል» ይበል። በመጀመሪያ የሚናገረው ሰው ይታማል፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጡት አሥር ሰዎች ግን ከዕዳ ይድናሉ።

አባቶቻችን «ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው» ይላሉ፤ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚልም አላቸው። እነዚህ ቃላት በሽማግሌ አፍ ቢነገሩም የሽማግሌ ብቻ አይደሉም። ሰው በመጨረሻው ቀን ሲሸኝ ዕቃው ከቤት ይቀራል፤ መኪናው ከመቃብሩ በር አያልፍም፤ ስልኩም ይዘጋል። ከእርሱ ጋራ እስከ መቃብሩ አፍ የሚደርሱት የተሸከሙት ትከሻዎችና ካህኑ የሚጠራው የክርስትና ስሙ ናቸው። ማንነታችንን በሚቀረው ነገር ላይ ሳይሆን እስከዚያ በሚያደርሰን ነገር ላይ እንድናኖር፣ ልቡናችንንም ለባልንጀራችን እንድንከፍት እግዚአብሔር ይርዳን።